በአሰላና በበቆጂ መካከል አሥራ አምስት በመቶ

ለውድ ባለቤቴ ለደምሴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ ሐዘን የማሳውቅህ ጉዳይ ስላለ ባለህበት ተረጋግተህ አድምጠኝ። ነጩ ኤክስቴንሽናችን ዐርፏል። ባለ ሃያ አምስት ሜትሩ፣ ባለ አራት ቀዳዳው። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳችን ቁልቁል ተንጠልጥሎ የኤሌክትሪክ መኪናችንን ሲመግብ፣ በትርፍ ጊዜውም የጎረቤታችንን የወይዘሮ አልማዝን አንሶላ ተሸክሞ ሲያደርቅ የኖረው ባለውለታችን፣ ትናንት ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሰላ ውስጥ በአንድ ሆቴል ጓሮ በደረሰበት ድንገተኛ ቃጠሎ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም እዚያው፣ በሆቴሉ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ፣ የሆቴሉ ዘበኛና ልጅህ ማህሌት በተገኙበት ተፈጽሟል።

አንተ ከተለየኸኝ ደግሞ ዛሬ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሆነ። ይህን የምጽፍልህ በቆጂ፣ ከወንድምህ ከጋሽ ቶላ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ መኪናዋ በረንዳው ላይ ባለው ሶኬት ተሰክታ እንደታመመች ላም ቆማለች። ናፍቆት ነው ያስጻፋት ብለህ እንዳትሸወድ። ናፍቆቱ የትም አይሄድም፣ አለ። ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። የተናደድኩትም ባንተ ነው። ደብተርህ ውሸታም ነው! ይህ በጽሑፍ እንዲሰፍር እፈልጋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝና ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ እንደሚቆጠር አውቃለሁ።

የቤቱን ዜና ላስቀድምልህ። ቡልቡላ ዘንድሮም ጭቃ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ «ከበረንዳ የሚወርደው ገመድ የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል» ብሎ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ገመዱ ላይ የሚሰጣው አንሶላ ግን የሕንፃው ጌጥ ነው መሰለኝ ስለሱ ምንም አላለም። ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች፤ ቁመትዋ አልጨመረም፣ ምላስዋ ጨምሯል። እኔ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። አዎ፣ እኔ! «አንቺ እኮ የሱፐርማርኬት ጋሪ እንኳን ቀጥ አድርገሽ አትገፊም» ትለኝ የነበርከው ሰውዬ፣ ይኸው ቀጥ አድርጌ ስነዳ ሳታየኝ ሄድክ። ይህም ለብቻው አንድ ክስ ነው።

እሑድ እሑድ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ወስጄ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት እሞላታለሁ። ሰልፉ ያው ነው። አንተ ለቤንዚን ስትሰለፍ ኖረህ፣ ይህችን መኪና ያመጣህ ቀን «ጽጌዬ፣ ከእንግዲህ ሰልፍ የሚባል ነገር አናውቅም» ብለህ አልነበር? ልዩነቱ ያሁኖቹ መኪናዎች ጭስ የላቸውም፤ ጭሱ ከባለቤቶቹ ነው የሚወጣው።

ያመጣህበት ቀን ትዝ ይለኛል። ድምፅ ስለሌላት በር ላይ ቆመህ በስልክ ጠራኸኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ዝናቡም እንደዛሬው ነው። ወርጄ አጠገብህ ተቀመጥኩ፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለውም፣ እኛ አለን። «የትም ሳንሄድ ሽርሽር» አልከኝ። ከሰዓት በኋላው ሁሉ እዚያው አለቀ። ንዴቴን እንዳታበላሽብኝ እዚህ ላይ ላቁም።

ወደ ዋናው ጉዳይ። ሙት ዓመትህን ጋሽ ቶላ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ከተቀበርክበት ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ቆረጠ። ወንድምህን ታውቀዋለህ። ደውሎ «ጽጌ፣ ያቺን የስልክ ቀፎ ይዘሽ እንዳትመጪ! በክረምት፣ በዚህ ዳገት? በአውቶቡስ ነይ» አለኝ። «ቄሶቹ ሌላ ፍትሐት አለባቸው፣ አራት ሰዓት ካለፈ ያላንቺ ይጀመራል» ብሎም አስጠነቀቀኝ። እኔ ደግሞ በዚህች መኪና ካልሆነ አልሄድም አልኩ፤ ለሥራ አርሲ በነበርክበት ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ የተመላለስክባት ናት፣ ሌላ የምመጣብህ መንገድ አልታየኝም።

ማርፈድ የማልችልበትን ምክንያት ካንተ በስተቀር ሁሉም ያውቃል። ቀብርህ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ተሸክመው መኪና ውስጥ አስተኙኝ፤ ስነቃ አልቆ ነበር። ቄሱ የክርስትና ስምህን ሲጠሩ አልሰማሁም። ሃያ አራት ዓመት አብሬህ ኖሬ የመጨረሻውን ስም ጥሪ ቀረሁ። ዘንድሮ በሁለት እግሬ ቆሜ ልሰማ ነበር ሐሳቤ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ድሮ እኮ መንገድ የምናቅደው በሆድ ነበር። ቁርስ ሞጆ፣ ጭማቂ ናዝሬት፣ ምሳ አሰላ። አሁን የሚታቀደው በሶኬት ነው። እኔም እቅዱን ያወጣሁት በሰማያዊ ደብተርህ ነው፤ አሁን ቡናማ ሆኗል፣ ባረፍክ በሳምንቱ እንዳይበላሽብኝ ብዬ በወረቀት ለብጄዋለሁ። እንደ ልማድህ ነገሩን ከመጨረሻው ጀምረህ፣ በቆጂን መጀመሪያ ገጽ ላይ አድርገህ ቡልቡላ ጨርሰሃል። እኔ ከኋላ ወደ ፊት እየገለጥኩ አነበብኩ። «ናዝሬት፦ ባለ ሁለት አፍ፣ አንዱ ብቻ ይሠራል፣ የቱ እንደሆነ ዘበኛውን ጠይቅ።» «አሰላ፦ ባለ አረንጓዴ በሩ ሆቴል፣ ክትፎ ካላዘዝክ ሶኬት የለም።» «ሳጉሬ፦ ወፍጮ ቤት፣ ሰውየው ደግ ነው፣ ዱቄት ግን በመስኮት ይገባል።» በየከተሞቹ መካከል የሚፈጀውን የባትሪ መጠን በመቶኛ ጽፈሃል። በአሰላና በበቆጂ መካከል፦ አሥራ አምስት።

ዓርብ ጠዋት ተነሣን። ናዝሬት ስንደርስ ማህሌት ስልኳን እያየች «ማሚ፣ አፑ አቬይለብል ነው የሚለው» አለችኝ። ቻርጅ ማድረጊያው ማሽን ግን ድርቅ ብሎ ቆሟል። ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ማሽኑ ደህና ነው እናቴ፣ የጠፋው መብራቱ ነው» አለኝ። ደህና ነው! እኔም ደህና ነኝ፣ መኪናዋም ደህና ናት፣ ሁላችንም በሙሉ ጤንነት አምስት ሰዓት ቆምን። መብራቱ ሲመጣ አሥር መኪና ቀድሞናል፤ ተራችን ሲደርስ ለአሰላ የሚበቃትን ያህል ሰጥተዋት «ለሌላውም እዘኚ እናቴ» ብለው ነቀሉብን።

አሰላ ማታ ገባን። ደብተርህ እንዳለው ክትፎ ማዘዝ ነበረብኝ። ደምሴ፣ ዓርብ እኮ ነው! አስተናጋጁን «ጾም ነው፣ ሽሮ ልዘዝ» ብለው፣ ፊቱን ሳያፈታ «ሽሮ ያዘዘ ስልክ ነው የሚሞላው፣ መኪና በክትፎ ነው» አለኝ። ክትፎውን አዘዝኩ። በናፕኪን ሸፍኜው፣ እሱ እኔን እኔ እሱን እየጠበቅን ሽሮዬን በላሁ። ላንተ ሙት ዓመት የምትሄድ ሴት በጾም ቀን ክትፎ ፊት ለፊት ተቀምጣ ያያት ሰው ምን ይላል? በማግሥቱ የሆቴሉ ውሻ ጠጋ ብሎ ሲልሰኝ ነው ክትፎው የት እንደደረሰ የገባኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከላይ በሐዘን የገለጽኩት አደጋ ደረሰ። ገመዱ ጨሰ፣ ሸተተ፣ ቀለጠ። ሌሊቱን መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ስላደረ ባትሪዋ ሠላሳ አንድ በመቶ ላይ ነበረች። ማህሌት «ማሚ፣ ሌላ ገመድ እንፈልግ» አለች። እኔ ደብተርህን ገልጬ አሳየኋት። «አሥራ አምስት ይበቃል ይላል አባትሽ፤ እጥፍ አለን» አልኳት።

ሳጉሬ ስንደርስ አሥራ አምስቷ አልቃለች፤ መንገዱ ገና ተጋምሷል። ጉም ነው፣ ብርድ ነው፣ መጥረጊያው ይሠራል፣ ማሞቂያው ይሠራል፣ ዳገቱ አያልቅም። ወፍጮ ቤቱ በግራ በኩል ታየ፤ በሩ ክፍት ነው። ማህሌት «ማሚ ፕሊስ፣ እንቁም» አለች። ሰዓቱን አየሁ፤ ከቆምን ስምህ ያለእኔ ሊጠራ ነው። ደብተርህንም አየሁ። «አባትሽ ዕድሜ ልኩን ዳገትና ቁልቁለት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነው፤ የተሳሳተችው መኪናዋ ናት» ብዬ ወፍጮ ቤቱን በኩራት አለፍኩት። ከመኪናዋ ይልቅ አንተን አመንኩ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው!

በቆጂ ሊገባ አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ከመሪው ፊት ለፊት የኤሊ ሥዕል በራ፤ ባትሪዬ አልቋል፣ ከእንግዲህ የምሄደው እየተንፏቀቅሁ ነው ማለቷ ነው። ኤሊ፣ ደምሴ። ሰውን ለመስደብ ይህን ያህል የተጨነቀ ፋብሪካ አላየሁም። ያገርህን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ በዝናብም ይሮጣል። ለልምምድ የወጡ ሯጮች ከኋላችን መጡ፣ ደረሱብን፣ አለፉን። አንዷ ዞር ብላ ያለችኝን አልረሳውም፤ «እማማ፣ አይዞሽ፣ በርቺ!» መኪና ውስጥ ተቀምጬ በእግረኛ ተበረታታሁ። ትንሽ ቆይቶ ኤሊውም ጠፋ፣ መኪናዋም ቆመች።

ለጋሽ ቶላ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ በትራክተር መጣ። ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ድምፅ፣ ከዚህ በላይም ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከላይ ሆኖ «ናፍጣ ይባረክ!» እያለ ይስቃል። «አላልኩሽም? ቀፎ ነው አላልኩሽም? ቤኑ፣ እንሂድ! ገመዱን እሰሩ!» ይላል፣ አብረውት ለመጡት ልጆች። በሙት ዓመትህ ቀን ጥቁር ለብሼ፣ ጭስ በምታቦልቅ ትራክተር እየተጎተትኩ፣ የተሸኘህበት ቤተ ክርስቲያን በር ደረስኩ። ያገሩ ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። አንድ ሽማግሌም «ሟቹ በመኪና ጉዳይ ግትር ነበር፣ ጋብቻ ያመሳስላል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ቄሶቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አልጀመሩም። ለካ ጋሽ ቶላ ከመሄዱ በፊት «ሚስቱ ሳትመጣ ስሙን የሚጠራ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል» ብሎ ኖሯል፤ ያ ሁሉ ዛቻ እኔን ለማስቸኮል ነበር። ቆምኩ። ማህሌት ክንዴን ይዛኛለች፣ ጉልበቴ ግን አላስፈለገውም። ኃይለ ገብርኤል ሲሉ በሁለት እግሬ ቆሜ ሰማሁ።

ሲያበቃ ደብተርህን ከቦርሳዬ አውጥቼ መቃብርህ ላይ «አሥራ አምስት? አሥራ አምስት ነው ያልከኝ?» ብዬ ጮኽኩብህ። ቄሱ ልቅሶ መስሏቸው «በቃሽ ልጄ፣ በቃሽ» አሉኝ። ልቅሶም ነበረበት፣ አልክድም።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። በየዓመቱ እመጣለሁ። በዚህችው ቀፎ። ሳጉሬ ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ እቆማለሁ፣ ዱቄትም ይግባብኝ። ስምህ ሲጠራ አልቀርም። አልረሳህም፤ አሥራ አምስትንም አልረሳልህም።

ያንተው
ጽጌ


እርማት
ቦሌ ቡልቡላ፣ ማክሰኞ

ከላይ በተጻፈው ደብዳቤ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «ደብተርህ ውሸታም ነው» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ትናንት በተደረገው የመልስ ጉዞ ከበቆጂ እስከ አሰላ፣ ቁልቁለቱን፣ የፈጀው የባትሪ መጠን አሥራ አምስት በመቶ ነው፤ አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልጎደለ። ጉዳዩን ለማጣራት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ራሷ የለበደችውን ወረቀት ስታነሣ፣ ሰማያዊው ሽፋን ላይ በቀያሹ የእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ «ወደ ጽጌ» የሚል ርዕስ ተገኝቷል። በደብተሩ ውስጥ የመሄጃ መንገድ አንድም ቦታ አልተመዘገበም፤ የተለካው መመለሻው ብቻ ነው። ሽፋን ሳያዩ መዝገብ መግለጥ የሠራተኛዋ ጥፋት ነው። ስለሆነም «ውሸታም ነው» የሚለው ተሰርዞ በምትኩ «ወደ ቤት እየመጣ ነበር» ተብሎ ይነበብ።