ረጅሙ ሰው አለው

ሰኞ

ሁለት ናቸው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። እስከ ሐሙስ አንዱን መርጬ መጨረስ አለብኝ። ማርቆስ እንደሆነ «ነገሩን ያመጣሽው አንቺ፣ የምትጨርሺውም አንቺ» ብሎኝ ዱቄት ሊደረድር ጓዳ ገብቷል። ባሌ ሲጨንቀው ዱቄት ይደረድራል።

ደስታዬን ግን ምን ብዬ ልጻፈው። የሆሳዕና ልጅ፣ የጆሃንስበርግ ኮዝሞ ሲቲ ባለ ሱቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ የበረዶ ሞተር ልገዛ ነው!

ነገሩ የመጣው በእህቴ በምሕረት ነው። ከባሏ ከዳንኤል ጋር ሌሶቶ ተራራ ላይ ሱቅ አላቸው። አምና ክረምት በረዶው መንገዱን ዘግቶባቸው፣ መኪናቸው በራፋቸው ላይ ተቀብሮ ሰነበተ። ዘንድሮ ደግሞ ምሕረት ከስንት ዓመት ጸሎት በኋላ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ክሊኒኩ ያለው ታች ከተማ ነው። ወደ እኔ እንዳትመጣ የመኖሪያ ወረቀቷ ለእድሳት ገብቶ ድንበር አያሳልፋትም። ታች ወርዳ እንዳትጠብቅ ዳንኤል «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላል። በረዶው ምጡን ቢቀድመውስ? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ዕቁብ ደረሰኝ፤ ዱቄት የምትገዛኝ አንዲት የሌሶቶ ሴት ደግሞ «አጎቴ ሁለት የበረዶ ሞተር አለው» አለችኝ። እንግዲህ ይህን እግዚአብሔር ካልሆነ ማን ያገጣጥመዋል።

ዛሬ ሄጄ አየኋቸው። ከድሮው የወርቅ ማዕድን አፈር ቁልል ስር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ነጩ አቧራ በበሩ ስር ገብቶ ወለሉን በረዶ አስመስሎታል። አጎቷን፣ ሽማግሌውን፣ «ንታቴ» ነው የምለው፣ በነሱ አባባ ማለት ነው። ሞተሮቹ ፊታቸው ሞተር ሳይክል ነው፤ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ በእግር ፈንታ እንደ ኤክስካቫተር የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት አላቸው። ልዩነቱ ሰንሰለቱ ላይ ነው። የነገረኝን እንዳልረሳ፦

አጭሩ፦ ቀላል ነው፣ እንደ ፍየል ይታጠፋል፣ የተረገጠ በረዶ ላይ ይበራል። ትኩስና ጥልቅ በረዶ ላይ ግን ይሰምጣል።

ረጅሙ፦ ከባድ ነው፣ ለመጠምዘዝ ጉልበት ይጠይቃል። ግን ክብደቱን በሰፊው ስለሚዘረጋው ትኩስ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ከኋላው ጋሪም ይጎትታል።

«ታዲያ ምኑ ይመረጣል፣ ንታቴ? ረጅሙ ነዋ» አልኩት።

መልሶ ወደ አጭሩ ዞረ። ሲያወራ እጁን አጭሩ ወንበር ላይ ጥሎ ነበር የሚያወራው። ረጅሙን ግን ሲያሳየኝ አልነካውም። እኔ ዳሰስኩት፤ የአጭሩ ወንበር ሞቅ ያለ ነው፣ የረጅሙ በረዶ ነው። ጥላ ላይ ስለቆመ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለቱም አንድ መስኮት ስር፣ አንድ ፀሐይ ላይ እንደነበሩ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ

በሴቶች ጸሎት ላይ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ወንድም ኤልያስ እንኳ በበሩ ብቅ ብሎ «እህት አማረች፣ ቀጥሎ ደግሞ መርከብ ነው?» አለኝ። «አንተን ጭኜ የምሄድበት ካገኘሁ ለምን አልገዛም» አልኩት። ያልሳቀች እህት ብርሃኔ ብቻ ናት። እሷ የጸሎት ሰው ናት፣ ራዕይ ታያለች። ዓይኗን ጨፍና «እጸልይበታለሁ» አለች።

ከሰዓት ምሕረት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ደህና ነኝ፣ እግሬ አበጠ፣ ሰማዩ ከብዷል፣ እንዲህ እንዲህ። ከድምፅዋ ጀርባ ሞተር ይሰማል።

«ጄኔሬተሩን አጥፊውና አውሪ፣ አይሰማኝም» ብዬ መለስኩላት።

«የምን ጄኔሬተር፣ እትዬ? ከተበላሸ ሰነበተ እኮ። እዚህ ጭር ብሏል።»

ለማርቆስ አሰማሁት። ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማና «ነፋስ ነው» አለ። ነፋስ ይመጣል ይሄዳል። ይሄ ግን አይመጣም አይሄድም፤ ታክሲ ሰው እስኪሞላለት ቆሞ እንደሚያጉረመርመው ነው። ደስታዬ ላይ ውኃ ማፍሰስ አልፈለግሁም፣ ነፋስ ነው ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ

ብቻዬን በታክሲ ተመልሼ ሄድኩ። ንታቴን ፊት ለፊት ጠየቅሁት፤ «ረጅሙን ለምን አይነኩትም?»

ወንበር ሰጠኝ። እሱ ግን ቆሞ ነው ያወራኝ።

ሁለቱም ሞተሮች ተራራው ላይ እንግዶች ለበረዶ ጨዋታ ይመጡበት የነበረ፣ አሁን የተዘጋ ማረፊያ ንብረት ናቸው። ንታቴ እዚያ ሠርቷል። ረጅሙን የሚነዳው ጓደኛው ነበር። አንድ ክረምት ሁለት እንግዶች ጠፉና ጓደኛው ሊፈልጋቸው ወጣ። እንግዶቹ በሌላ በኩል በእግራቸው ወርደው ተገኙ። እሱ አልተመለሰም።

«ሲነጋ ከታች ሆነን አየነው፣ ማማ» አለኝ። «ከላይ፣ ጫፉ ላይ ሞተሩ ቆሟል። እሱም ተቀምጦበታል። እጃችንን አወዛወዝንለት።»

«ታዲያ አልወጣችሁም?»

«በምን? የቀረን አጭሩ ነው። ሞከርን፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሰመጠ። ረጅሙ የሚደርስበት ቦታ ሌላ ምንም አይደርስም። ጥሩነቱ እሱ ነው። መጥፎነቱም እሱው ነው።»

በረዶው እስኪቀልጥ ጠበቁ። በየቀኑ ከታች ያዩታል፤ ተቀምጧል። በረዶው ሲሳሳ ወጡ። ሞተሩ አለ። ቁልፉ አለ። ጓንቱ መሪው ላይ አለ። ሰው የለም። ወንበሩን የሸፈነው በረዶ ደግሞ ማንም ያልተቀመጠበት፣ ጣት እንኳ ያልነካው ነው።

«ታዲያ ከታች ሆናችሁ ያያችሁት ምንድን ነው?»

«እሱን ነው ያየነው» አለኝ።  እኔም ወሬ የማያልቅብኝ ሴትዮ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለማርቆስም። ሱቅ ከፍቼ እየሸጥኩ ሳለ እህት ብርሃኔ ደወለች።

«አማረች፣ ስጸልይልሽ ሁለት ወንበር አየሁ። አንደኛው ባዶ ነው። ረጅሙ ግን ሰው አለው። አትግዢው።»

የያዝኩት የሻማ ፓኬት ከእጄ ወደቀ። «ምን ይመስላል ሰውየው?»

«ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ማንን?»

«እሱን አላሳየኝም።»

ሐሙስ

ጠዋት ለማርቆስ ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን ያዘ። «አጭሩን ግዢና እንረፍ። ቀላልም ነው፣ ርካሽም ነው፣ ሰውም የለበትም።»

«ሰምጦ መንገድ ላይ ቢያስቀራትስ? በረዶ ላይ ትውለድ?»

ወደ ጓዳው አየ። ዱቄት ሁሉ ተደርድሮ አልቋል፣ የሚሄድበት አጣ።

እህት ብርሃኔ ደግማ ደወለች፤ መጥቼ ላስወጣው አለች። አመሰገንኳትና እምቢ አልኳት። ሌሊቱን ሳስበው ነበር። ሰውየው ከቤቱ የወጣው የጠፋ ሰው ሊፈልግ ነው። ሰው ሊፈልግ የወጣን ሰው ምን ብዬ ነው የማስወጣው? ወዴትስ?

መጋዘኑ ሄድኩ። ንታቴን «ደጅ ይቆዩኝ» አልኩት። ጸለይኩ። ከዚያ ረጅሙ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ቅዝቃዜው በቀሚሴ አልፎ አጥንቴን ነካው። ወደ ሂልብሮው ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሰው እንደማስቸግረው አድርጌ፣ በአማርኛ፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ጠጋ በልልኝ። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ከኋላህ ጋሪ ላይ ትተኛለች» አልኩት።

ከስሬ ያለው የወንበሩ ስፖንጅ ቀስ ብሎ ተነሳ። ከፊቴ ጎድጎድ አለ። አየሁት፣ በዓይኔ በብረቱ። ባዶ ወንበር ነው፣ ጎድጉዷል።

መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ ውስጤ ሞቀኝ። በተጨናነቀ ታክሲ ሰው ቦታ ሲለቅልኝ ደስ እንደሚለኝ ደስ አለኝ። «እግዜር ይስጥህ» ብዬ ወረድኩ። 

ረጅሙን ገዛሁ።

ዓርብ

ማርቆስና ንታቴ ሞተሩንና ጋሪውን ባኪው ላይ ጭነው በማለዳ ወጡ። ባኪ የምንለው ከኋላ ክፍት የሆነውን የዕቃ መኪናችንን ነው። ከመነሳታቸው በፊት ማርቆስ ገመዱን አጠበቀ፣ መልሶ አላላው፣ መልሶ አጠበቀው። «እንዳይጎዳው ብዬ ነው» አለኝ። «ሞተሩን?» አልኩት። ገብቶ መኪናውን አስነሳ።

ወደ ማታ ከተራራው ደወለ። ደርሰዋል። መንገዱን ሙሉ የኋላ መስታወቱ በረዶ እየሠራ እንዳስቸገራቸው ነገረኝ። ውጪ ፀሐይ ነበር አለኝ። ዳንኤል በሞተሩ እንደ ሕፃን ደስ ብሎታል፤ ምሕረትም ከጀርባው ስልኩን ቀምታ «እትዬ፣ አንቺ እኮ እብድ ነሽ» አለችኝ። እንዴት ደስ አለኝ።

ከጀርባዋ ምንም ሞተር አይሰማም ነበር። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ጭር ያለ ነው።

ቅዳሜ

ማርቆስና ንታቴ ተመለሱ። ንታቴ ዳንኤልን ትናንት ማታና ዛሬ ማለዳ አስተምሮታል፤ እንዴት ክብደቱን ወደ ኋላ እንደሚጥል፣ መታጠፊያ ላይ እንዴት እንደሚጋደል። ማርቆስ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። ንታቴ ሊሰናበት ሲል ኮፍያውን አውልቆ ሞተሩን በቋንቋቸው ረዘም አድርጎ አነጋገረው። ምን አልከው ሲለው «የት እንዳለ ነገርኩት፤ ለምን እንደመጣም» አለው። ማርቆስ ይህን ሲነግረኝ አልቀለደበትም። ማርቆስ በሁሉ ነገር ይቀልዳል።

አሁን እዚያ በረዶ መጣል ጀምሯል። ዳንኤል ፎቶ ላከ፤ ሁሉ ነጭ፣ ሞተሩ በራፉ ላይ። ከዚያ በኋላ መስመር የለም።

እሁድ

መስመር የለም። እደውላለሁ፣ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ አይገኝም ትለኛለች። ጸሎት ቤት ስለ ምሕረት ቆመው ጸለዩ። ወንድም ኤልያስ ስለ መርከብ አላነሳም። እህት ብርሃኔ እጄን ይዛ ዋለች፤ «ምን አየሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ጉም» ብቻ አለችኝ።

ሱቅ ከፍቼ አንዲት ጎጎ፣ አያት ማለት ነው፣ ስኳር ስትጠይቀኝ ጨው ሰጠኋት። አሮጊቷ መልሳ አስቀመጠችልኝና «ልጄ፣ ቤትሽ ሰው ታሟል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም። ረጅሙ የሚደርስበት ሌላ አይደርስም። እዚያ ላይ ቢቆምባቸውስ፣ ማን ይወጣላቸዋል? ይሄን ከመግዛቴ በፊት ማሰብ ነበረብኝ፤ አስቤዋለሁም። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ሰኞ

ወንድ ልጅ ነው። እናቱም ደህና ናት። ሱቁ ውስጥ እልል አልኩ፤ ደንበኞቼም የምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ እልል አሉ።

ዳንኤል ከክሊኒኩ የላከውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ምጡ የመጣው ትናንት ጠዋት፣ በረዶው እየጣለ ነው። ምሕረትን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋሪው ላይ አሰራት፣ ረጅሙን አስነሳ። ትኩሱ በረዶ ላይ እንደ ጀልባ ሄደላቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ቃል በቃል ልጻፈው፦

«ትልቁ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ጉም ወረደብን፣ እትዬ። መንገዱን ከገደሉ መለየት አቃተኝ። ስለዚህ ወርጄ ፊት ፊቱን በእግሬ ሄድኩ፣ መሬቱን በዱላ እየወጋሁ። ሞተሩ ከኋላዬ በቀስታ እየተከተለኝ፤ ስቆም ይቆማል፣ ስሄድ ይሄዳል። እስከ አስፋልቱ ድረስ እንደዚያ አድርገን አወረድናት።»

አወረድናት ይላል። ማን እና ማን? ምሕረት ጋሪው ላይ ታስራለች። እሱ ጉሙ ውስጥ ፊት ፊት በእግሩ ነው። ማርቆስና ንታቴ እዚህ ጆሃንስበርግ ናቸው። ያ ሞተር ደግሞ አውራ ጣት ነዳጁን ካልተጫነለት ስንዝር አይነቃነቅም። ዳንኤል ይሄን እስካሁን ያሰበው አይመስለኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ለምሕረት ደወልኩላት። ድምፅዋ ደክሟል፣ ደስ ብሏታል።

«ቁልቁለቱ ላይ ፈራሽ?» አልኳት።

«አልፈራሁም፣ እትዬ። ጀርባውን እያየሁ ነው የወረድኩት።»

«የዳንኤልን?»

ሕፃኑ አለቀሰ። «ላጥባው፣ ቆይ» ብላ ዘጋችው። መልሼ አልደወልኩም።

ማርቆስ ደስታው ሲበርድለት ሒሳብ ጀመረ። «በረዶው ሲያልቅ እንሸጠዋለን፣ ገንዘባችን ይመለሳል» አለ።

«የማን ሆኖ ነው የምንሸጠው?» አልኩት።

አልሳቀብኝም።