የቴኳንዶ ቤቱ እድሳት

ለወንድሜ ለዱባለ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ቡታጅራ ሁላችንም ደህና ነን።

የተውክልኝ የቴኳንዶ ቤት ሰልጣኝ በዝቶበታል። አዲስ ምንጣፍ አስነጥፌያለሁ፤ በጓሮ በኩልም ሁለተኛ በር አስከፍቻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች «ልንመዘገብ ነው» ብለው መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አዩ።

«አሰልጣኙ ለመስቀል ይመጣል አይደል?» አለኝ አንዱ።

«እሱ? ክትፎውንም እኛንም ረስቷል» ብዬ ሳቅሁ።

ሳይመዘገቡ ወጡ። ማስታወሻዬ ላይ እንደያዝኩት፣ ከዚያ ወዲህ ስድስት ቀን ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ጠፍተው አያውቁም። ፎቶህን አውርጄ ግድግዳውን ቀለም እያስቀባሁ ነው።

ሽታው ስለሚከብድ ለመስቀል አትምጣ። እማዬም «ዘንድሮ ይቅርበት» ብላ፣ ላንተ ያስቀመጠችውን ቅቤ ለጎረቤት ሰጥታለች።

ያለህበት ሰላም ይሁን።
እህትህ ምሥራቅ