አያ ቢሻው ከሰባት አልፈው ቆጠሩ

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሽንኩርቱን ከትፌ ሳልጨርስ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። በመጽሔቱ የምጽፈው የምክር አምድ አልተላከም። አዘጋጁ ሁለቴ ደወለ፤ አላነሳሁም። ደብተርዬ፣ ዛሬ ከሰው ቤት ወሬ የራሴ ቤት ወሬ ይበልጣል።

የትርንጎና የዲ/ን ይትባረክ ዘር ቆጠራ ነበር። ትርንጎ የሟች እኅቴ ልጅ፤ ያሳደግኋት እኔ። ሠርጉ የካቲት 1። ከዚያ ወዲያ ሑዳዴ ነው፤ ይትባረክ ደግሞ ሳያገባ አይቀስስም። ስለዚህ ጥድፊያ።

በእኛ በኩል ቆጣሪው አያ ቢሻው፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። ከአምባ ጊዮርጊስ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጡ። በዚያ አገር እሳቸው ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና የለም ሳይሉ የሚጋባ የለም። የይትባረክ አባት መሪጌታ ልሳነወርቅ ገና በር ላይ ሲያዩአቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። የበኩር ልጄንም ጋብቻ የቆጠሩልኝ አንቱ ነዎት፣ አሉ። ጉልበት ሊስሙ ምንም አልቀራቸው።

ቆጠራው ሸጋ ሄደ። እስከ ሰባት ቤት ንጹሕ። እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ያደርጋል፣ የመሪጌታ ወገን ቆጣሪ እኔ እስከ ዘጠኝ አውቃለሁ ብሎ ፎከረ። አያ ቢሻው ይህን ሰምተው ዝም ሊሉ? ጋቢያቸውን አጣፉና ቀጠሉ። ዐሥር። ዐሥራ ሁለት። ሰው ሁሉ አቤት አቤት ይላል። ዐሥራ አምስተኛው ላይ፣ “ማኑኤል መድፈኛው! ከፖርቱጋል በመርከብ የመጣው!” አሉና ደረታቸውን ነፍተው ጠጃቸውን አነሡ።



መሪጌታ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። “ጸረ ማርያም ኖሯል በዚህ ቤት?” አሉ። ድሮ ሃይማኖት ሊያስለውጡ የመጡት የፈረንጅ ካህናት የተሰደቡበት ስም ነው፤ በቤ/ክ ሰው አፍ ዛሬም አልበረደም። ሳይመርቁ ወጡ። ይትባረክ ጫማውን እያየ ተከተላቸው።

እኔ ፈረንጅ? በዚህ አፍንጫ?

እሑድ፣ ጥር 17

ትርንጎ እህል አልቀመሰችም። እኔ ሦስቴ መስታወት አየሁ። ጎረቤቴ በጠዋት መጣች፤ አጽናኝ መስላኝ ነበር። ፖርቱጋል ዘሮቿን ትቀበላለች አሉ፣ ለወንድሜ ልጅ ቪዛ አይገኝም ወይ፣ ብላ አረፈችው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ፒያሳ ደርሷል! ወሬ ሥራዬ ነው፣ እንዲህ ሲፈጥን ግን አላየሁም።

ምነው አያ፣ ሰባት ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? አልኳቸው።

“ሰውየው ዘጠኝ ብሎ ሲፎክር አልሰማሽም?”

እርቅ እስኪወርድ ወደ አገሬ አልመለስም ብለዋል። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

እኔ የማውቀው መርከብ የኖኅንና የዮናስን ብቻ ነበር። የታሪክ አስተማሪው ጎረቤታችን መ/ር ሙሉቀን ካርታ ዘርግቶ ጣቱን በአፍሪካ ዙሪያ አዞረ። ፖርቱጋሎቹ ከአገራቸው የወጡት ለቁንዶ በርበሬ ብለው ነው አለኝ። ለቁንዶ በርበሬ! ያን ሁሉ ባሕር ዞረው ሕንድ ደረሱ። በየመንገዱ አልገብርም ያለውን የባሕር ዳር ከተማ በመድፍ አነደዱ። ሰው ገዙ፣ ሰው ሸጡ። የእኛ ንጉሥ በጦርነት ተጨንቆ ሲጣራ የመጡለትም ከእነዚያው መርከቦች የወረዱ ናቸው። የተረፉት አግብተው ቀሩ። ካህናቱ በኋላ መጡ፤ አገር ታመሰ፣ ደም ፈሰሰ፣ ተባረሩ።

ይህን ት/ቤት ተምሬዋለሁ። ተፈትኜ አልፌበታለሁ። ያኔ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነበር።

ማኑኤል እዚህ ከመድረሱ በፊት የትኛው ከተማ ላይ ተኮሰ? ሙሉቀን አያውቅም። ማንም አያውቅም።

አያ ቢሻውን፣ ማኑኤል ክፉ ሰው ነበር ወይ አልኳቸው። ስሙን እንጂ ሥራውን አልነገሩኝም አሉ። ታዲያ ለምን ይቆጠራል? ተቆጡ። “ሸጋ ሸጋውን እየለቀምሁ ልቁጠርልሽ?”

ሰኞ፣ ጥር 25። የነነዌ ጾም ገባ

መሪጌታ ሽማግሌ ላኩ። አያ ቢሻው ቅዳሜ በሰው ፊት፣ ተሳስቻለሁ፣ ማኑኤል የሚባል የለም፣ ይበሉ። እሑድ ሠርጉ ይሆናል።

እኔ ወዲያው እሺ አልኩ። አንዲት ቃል ናት፣ ምን አላት? አያ ቢሻው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። ለትርንጎ ስል እላለሁ፣ አሉ በመጨረሻ። እሷ ተነሥታ ወጣች። አያ፣ ይዋሹልኝ ብዬ አልለመንኩም፣ አለች ከበር።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ጉድ! ጉድ! ደብተርዬ፣ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። አያ ቢሻው ተሳስቻለሁ ሊሉ ነው የሚለው ወሬ አምባ ጊዮርጊስ ገብቷል። አንዲት የልጆች እናት እያለቀሰች፣ ባሌ ወንድሜ ሊሆን ነው ወይ ትላለች። አንዱ ከሚስቴ አሁኑኑ ልለይ ወይስ ልጠብቅ ይላል፤ እሱ እንኳን ደስ ያለው ይመስላል።

አያ ቢሻው ሁሉንም ይሰማሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያጋቡት ሰው ሁሉ በእሳቸው አንዲት ቃል ነው የቆመው። እኔ ደግሞ ምን አላት አልኩ። በየወሩ ሰው ስመክር እኖራለሁ፤ ይህን አላየሁም።

ዓርብ፣ ጥር 29

መሪጌታ ራሳቸው መጡ! ኩታቸው ተንጋዷል። የበኩር ልጃቸው ልጆቿን ይዛ ትናንት ከአምባ ጊዮርጊስ ወርዳለች። አያ ቢሻው ደግመው ካላረጋገጡልኝ ባሌ ቤት አላድርም ብላለች።

“የልጄን በትክክል ነው የቆጠሩልኝ?”

“እኔ እንጃ፣ መሪጌታ። ነገ ተሳስቻለሁ ልል ነው። የቱ ላይ እንደተሳሳትሁ እንግዲህ አንቱ ይንገሩኝ።”

ሳቄ መጣ። የመሪጌታን ፊት ሳይ ጠፋ። ውኃ ጠየቁ፤ ቆይተው፣ ሰውየው ኋላ በሃይማኖታችን ተጠምቋል ወይ አሉ።

“ተጠምቋል። ሦስት የልጅ ልጆቹም ቀስሰዋል። ልቁጠር?”

“አይቁጠሩ! አይቁጠሩብኝ!”

ሠርጉ ይሆናል። ቆጠራውም እንዳለ ይጽና። ግን የፈረንጁ ስም እንዳይነሣ፣ አሉ። አያ ቢሻው እሺ አሉ።

ትርንጎን አልጠየቅናትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30። ከሰዓት

ትርንጎ ይትባረክን አስጠራችው። በሠርግ ዋዜማ! ያን ቀን ለምን ጫማህን አየህ አለችው። አባቱን ፈርቶ እንደሆነ ነገራት፤ አልዋሸም። እንግዲያስ የእኔን ዘር አጥና አለችው፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው በቃልህ ካላልከው ነገ ተክሊል የለም። ደነገጥኩ። እኔን አማክራኝ ቢሆን እንዲህ አትበዪ እላት ነበር።

አሁን ጓዳ ነኝ። እሱ አያ ቢሻው እግር ሥር ተቀምጧል፤ ያን ሁሉ ዜማ በቃሉ ያጠና ልጅ ላቡ ጠብ ይላል። መሪጌታ ውጭ ዳሱ በመዶሻ ሲተከል እያዩ ነው፤ መስኮቱ ክፍት።

ዐሥራ ሦስት አለ። ዐሥራ አራት። ቆመ።

አያ ቢሻው አላገዙትም።

“ማኑኤል” አለ፣ ለራሱ ያህል።

“ጮክ በል” አለች ትርንጎ። “አባትህ ይስሙ።”

ውጭ መዶሻው ዝም አለ። ይትባረክ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደና፣ ጫማውን ሳይሆን አባቱን እያየ፣ “ዐሥራ አምስት፣ ማኑኤል መድፈኛው!” አለ ጮክ ብሎ።