የሁዳዴው ኪኒን

የካቲት 23፣ ጠዋት

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ። ከብቶቼን ወንዝ ወርጄ አጠጣለሁ። ሞፈር እጠርባለሁ፣ ለሰውም እጠርባለሁ። ሽሮዬን እኔው እሠራለሁ፤ ይህን ለአንተ እንጂ ለሰው አልናገርም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን ቀረ። ዳገት ስወጣም ትንፋሼ ያጥራል፤ ያን ጊዜ ቆም ብዬ አገር የማይ እመስላለሁ።

የጤ/ጣቢያዋ ሲስተር የበሉትን በየቀኑ ይጻፉ ስላለችኝ ነው አንተ ደብተሬ የተገዛኸው። ልጄ ጥሩወርቅ ከቡሬ ላከችህ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሚስት አግብቼ ነው፤ ታገሠኝ። የትላንቱ፦ እንጀራ በሽሮ። ሻይ። ጠላ ሁለት ዋንጫ። ሦስት በል።

የካቲት 25

ሲስተሯ ያለችኝን ልጻፍ፣ ሳልረሳው። እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ወገቤ ላይ ጠመጠመች። ኮት ልትለኪልኝ ነው ወይ አልኳት። ቁጥሩን አይታ ጻፈች። ከዚያ ክንዴን አሰረች፣ ጣቴን ወጋች። የደም ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ ደምዎ ውስጥ ጮማ አለ፣ ሆድም አለ። አንድ አንዱ ብቻውን ቢመጣ ይሻል ነበር፤ አንድ ላይ ሲጠመዱ ግን ልብንና ጭንቅላትን ነው የሚያርሱ አለች። የገበሬ ልጅ ናት፣ ገባኝ።

የሆዱ ነገር ከነከነኝ። ሆድ ያወጣሁ በስተርጅናዬ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እርፉን ለጎረቤት ትቼ ደጅ ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩወርቅ በየወሩ ስኳርና የሚረጋ ዘይት ትልካለች። የማኅበር ሰው ሆዴን እያየ ተመስገን፣ ልጁ አልጣለችውም ይላል። ይህች ደግሞ በሽታ ነው አለችው። ጮማው ከዘይቱ እንደሆነ ለጥሩ አልነገርኳትም። ይከፋታል።

የካቲት 26

ኪኒን ሁለት ዓይነት። ነጯ የግፊት፣ ጠዋት። ሮዟ የስኳር፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር። ጾሙ ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አፌ አይገባም፤ ኪኒን በየት በኩል ይገባል? ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠዋቱንም የማታውንም ባንድ ላይ እውጣለሁ። የቀረ የለ። እግዜርም ሲስተሯም አይቀየሙኝ።

የንስሐ አባቴን አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ፍታ ይሉኛል። በልጅነቴ የያዝኩትን ጾም ዛሬ በኪኒን?

መጋቢት 3

ደከመኝ። እንቅልፍ የለም፣ ሽንት ብቻ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ሻይ። ስኳር ሁለት ማንኪያ። አራት ነበር፣ ቀንሻለሁ።

መጋቢት 5፣ ማታ

ዛሬ እርፍ ያዝኩ። ሲስተሯ እግርዎን ያንቀሳቅሱ ብላለች፤ ከእርሻ የበለጠ ምን መንቀሳቀስ አለ። ጎረቤቴ ደምሴና እኔ መቀናጆ ነን። አንድ በሬ የእኔ፣ አንድ በሬ የእሱ፣ አንድ ቀን የእኔ ማሳ፣ አንድ ቀን የእሱ። እስካሁን የእኔንም ማሳ እሱ ነበር የሚያርስልኝ። ዘንድሮ እኔው አለሁ አልኩት። ፈራ። ከዚያ ሳቀ። አያ ይስማው፣ ሆድዎ ቀድሞ ትልሙ ጫፍ ይደርስና እርስዎ ኋላ ይመጣሉ አለኝ። እሱ እንኳ ይደርሳል፣ አንተ ቀጭኑ ነፋስ እንዳይወስድህ በሬውን ያዝ አልኩት። ቀኑ ደስ ብሎኝ ዋለ። ወገቤ ግን የእኔ አይደለም።

መጋቢት 9

ገና አልበረታሁም። አጭር እጽፋለሁ።

መጋቢት 7 ወደቅሁ። ገመሳው፣ የመጀመሪያው እርሻ፣ ሊያልቅ ጥቂት ትልም ሲቀረው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምሳ አልደረሰም። ሦስቱን ኪኒን በጠላ ዋጥኩና እርፌን ያዝኩ፣ ጨርሼ እበላለሁ ብዬ። ላብ። ቀዝቃዛ ላብ። በሬዎቹ አራት ሆኑ። ከዚያ አፈር አፌ ውስጥ። ደምሴ ነው ያነሣኝ። በትከሻው መንገድ አድርሶ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። እዚያ ስኳሩ ወርዶ ነው ብለው አጠጡኝ፣ ነቃሁ። ሲስተሯ ኪኒኑን እንዴት ነው የወሰዱት አለችኝ። እንዳልሽኝ አልኳት።

እንዳልሽኝ።

መጋቢት 10

ጥሩወርቅ መጣች። ገና ከበሩ ሳትገባ ደምሴን ያዘችው። ሽማግሌ ሰው በጾም ሆዱ ጠላ አጠጥተህ እርሻ ታሳርሳለህ፣ ያንተ አባት ቢሆን ታደርገዋለህ አለችው። ደምሴ ቆቡን አወለቀ። ልክ ነሽ እታለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አላት። እኔ እዚያው መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ሌላ ምንም።

ማታ ነገረችኝ። ከፋሲካ በኋላ መሬቱ ለሽርክና ይሰጣል። በሬው ይሸጣል። እኔ ቡሬ። ጓሮ ያለችውን ክፍል አስለስናታል፣ መብራትም አላት አባዬ አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ባጃጅ ሲያልፍ ሳዳምጥ ታየኝ። ሆዴ እዚያ ምን ሊሆን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ?

እርሻው ነው የጣለኝ ብላ ነው። እርሻው አልጣለኝም።

መጋቢት 12

ጥሩ ሄደች። ሲስተሯ በስልክ አስጠራችኝ። እንዳልኩዎት ወስደው ይህ ከደረሰ መድኃኒቱ አልተስማማዎትም፣ መቀየር አለበት፣ ይምጡ አለች። እመጣለሁ አልኩ። ዛሬ ምንም አልዋጥኩም። ራሴን ያዞረኛል። ይህን ለማን ልንገር፣ ለአንተ ነገርኩህ፣ አንተ ደግሞ አታዝንም አትቆጣም።

መጋቢት 13

ደምሴ በሬዬን ጭድ ሊያበላ ይመጣል። አበልቶ ይሄዳል። እንደምን አደሩ ይላል፣ ከአጥር ወዲያ። ቀልድ የለም። የእናቱ ልጅ ቢሞት እንዲህ አይቀዘቅዝም። ሚስቱ እንጀራ መላክ አላቆመችም። ቆርሼ እተወዋለሁ።

መጋቢት 15

የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ስለ ሦስቱ ኪኒን፣ ስለ ዝምታዬ። መስቀላቸውን አሻሹ። ከዚያ፦ ማን ጠየቅህ ይስማው? እኔን ጠየቅህ? ኪኒን እህል ነው ያለህ ማን ነው? ታማሚ ቢበላ ገደፍክ የሚል ጌታ አለን? አሉኝ። ጠዋት በልተህ ዋጥ፣ የቻልከውን ስገድ፣ ለቀረው እኔ አለሁ። ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ዞር አሉ። በሆድህ ጾምክ፣ ደምሴን ግን በላኸው አሉኝ። ወጡ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 16

ሲነጋ ቂጣ በላሁ። ስበላ አፈርኩ፣ ከግድግዳው አፈርኩ። ነጯን ዋጥኩ። ሮዟን አንዷን። ሌላዋ ለማታ። ሻይ ያለ ስኳር ለካ ቅጠል ቅጠል ይላል።

እንዳልናገር የያዘኝ ምንድን ነው? ሞኝ ሽማግሌ እንዳልባል ነው። ኪኒን መዋጥ የማይችል ሰው ብቻውን ሊኖር አይችልም ትለኛለች ጥሩወርቅ ብዬ። ዝም ብልም ያው ቡሬ ነው፣ ደምሴም ከነ ጥፋቱ ይቀራል። በሁለቱም በኩል አልቀረልኝም። እንግዲያው ተናግሬ ልቅር።

መጋቢት 17፣ ጠዋት

በላሁ። ዋጥኩ። ቆርጫለሁ። ያለብኝን እጽፋለሁ፣ ሰው ሳልልክ እኔው የምከፍለውን፦

ለሲስተሯ። መድኃኒቱን እንዳትቀይር። ባንድ ላይ መዋጤን። ትቆጣ።

ለንስሐ አባቴ። ስግደት፣ ጉልበቴ እስከቻለ።

ለሚካኤል ማኅበር። በሚያዝያ ተራዬ ነው። ጠላው ይጠመቃል፣ ሰው ይጠጣል። እኔ አንድ ዋንጫ። ግማሽ። እናያለን።

ለጥሩወርቅ። በስልክ አልነግራትም፤ ከጅጋ ሚኒባስ ይዤ ቡሬ እወርዳለሁ። የጣለኝ ሞኝነቴ ነው እላታለሁ። ስኳርና ዘይት አትላኪ፣ ምስር ላኪ። ተቆጥታ ስታበቃ፣ ክፍሏን አይቼ፣ መርቄ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

ለደምሴ። ሁለት ቀን እርሻ፣ ማሳው ላይ፣ በልቼ። ከዚያ በፊት ግን ሚስቱ ባለችበት፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ያልከው ውሸት ነው እለዋለሁ። እሱ ይቀድማል። ከጥሩም ይቀድማል። ጭዱን ይዞ መጥቷል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ ደጃፉ ድረስስ ለምን፣ አሁኑኑ፣ ሳይሄድብኝ