ከቀዩ ሐር ጋር የሄደው ደብተር

ጥር 17 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ቢቸና

ጠዋት ጽ/ቤት። የአቤቱታ ግልባጭ ስጽፍ እጄ ደነዘዘ። ከቀትር በኋላ እትዬ ውዴ፣ የየሺ አክስት፣ በር ላይ ቆመው አስጠሩኝ። ግቡ ብል አልገቡም። በነጠላቸው የሸፈኑትን ጥቅል እጄ ላይ አኖሩና ዓይኔን ሳያዩ ሄዱ። ፈታሁት። ቀዩ ሐር ነው። እርጥብ። ጫፉ ላይ ቀለሙ ለቋል።

የሺ እጮኛዬ ናት፣ ማስታወሻዬ፤ አንተ ታውቃለህ። የመሪጌታ ጥሩነህ ልጅ። ሰርጋችን የካቲት 18 ነው። ነበር ልበል? ሐሩን የላክሁላት በጥምቀት ማግስት ነው። ኮርያ ዘምቼ ሳለ ለእናቴ የገዛሁት። ስመለስ እናቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ለየሺ ካልሆነ ለማን ይሆናል?

ለምን እንደመለሱት አልገባኝም።

ጥር 18፣ ዓርብ

ገባኝ፤ ከሰፈር ሰው ሰማሁ። የኮርያ ደብተሬ። ሐሩ እጥፋት ውስጥ ረስቼው አብሮ ሄዷል።

ትንሽ የኪስ ደብተር ነው። በዕረፍታችን ቀን ከግንባሩ ጀርባ ወዳለው ገበያ ስንወርድ፣ ልብስ ለመግዛት የሚበጁ ቃላት በእኛው ፊደል የጻፍኩበት። ያስተማረችን ድንኳን ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሴትዮ ናት፤ እኔንና ጓዴን ታፈረን። ቃሉን ስናበላሽ ጨርቁን ከእጃችን ትነጥቅና ድገሙ ትለናለች፣ በምልክት። ስንት ነው ለማለት፦ ኢጎ ኦልማዬዮ። ተወደደ፦ ቢሳዮ። ቀንሽልኝ፦ ካካ ጁሴዮ። ትልቅ ነው፦ ኮዮ። ትርጉሙን አጠገቡ አልጻፍኩም። በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ። ጥፋቴ እሷ ብቻ ናት።

መ/ጌታ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ለሰው ሁሉ አንብበውታል። እኔ ለሥራ ደብረ ወርቅ ነበርኩ። የአጋንንት ስም ነው አሉ። በተለይ አንዷን መሥመር፦ ኢቦ ባዶ ደዌዮ። «ባዶ» ቤቷ ባዶ ይሁን ነው፤ «ደዌ» በሽታ ነው፤ ልጄን ሊያጠፋ ድግምት በሐር ጠቅልሎ ላከ፣ አሉ። ሰምና ወርቅ አወጡለት። ሐሩንም ጠበል ነከሩት።

ያቺ መሥመር «ለብሼ ልየው ወይ?» ማለት ናት። ሌላ ምንም አይደለችም። ለብሼ ልየው ወይ።

ጥር 20፣ እሑድ

ቅዳሴ ሄድኩ። ከጎኔ የቆመው ሰውዬ ፈቀቅ አለ። ሁለት ሴቶች እያዩኝ አማተቡ። ትናንት ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ወንበሩን ከእኔ አጠገብ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደ። ብርሃን ፈልጌ ነው አለ። ስንት ዓመት ሙሉ ብርሃን አላስፈለገውም።

ሁለት የእግሬን ጣቶች በበረዶ ያጣሁ ሰው ነኝ። ታዝዤ ሄጄ። ያን ጊዜ ከበሮ ተመትቶ ነው የተሸኘሁት። ዛሬ ድግምተኛ።

መ/ጌታን መውጫው ላይ ጠበቅኋቸው። እጅ ነሣሁ።

«የኔታ፣ የገበያ ቃል ነው። እኔ በእርስዎ ቤት ክፉ ላስገባ?»

«የገበያ ቃል ከሆነ ትርጉሙን ለምን አልጻፍክም?»

«ስለማውቀው ነዋ።»

«አንተ ብቻ የምታውቀው ቃል፣ እሱ ነው ድግምት የሚባለው» አሉኝ። ደብተሩንም አልሰጥም አሉ።

የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ቢያዝን ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ አምጣና ፊት ለፊታችን ይፍታው አሉ። አለ። ታፈረ። ሞጣ ልብስ ሰፊ ሆኗል። ነገ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ጥር 24፣ ሐሙስ። ሞጣ

በበቅሎ ሁለት ቀን። ደብረ ወርቅ አደርኩ። መንገዱን ሁሉ ከመ/ጌታ ጋር በልቤ ስሟገት መጣሁ፤ በልቤ ሁሌ እረታቸዋለሁ።

ታፈረን በረንዳው ላይ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ተናደድኩ። ተነሥቼ ልሄድ ስል ፊቴን አየና ሳቁን ተወ። ሚስቱ አጉረመረመች፤ የሰርግ ወር ነው፣ ያልተሰፋ ቀሚስ ተከምሯል። እውነቷን ነው። ታፈረ ግን መቀሱን አስቀመጠ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ በመንገድ ላይ ስለ ደብተሩ አንዲት ቃል እንዳላነሣበት። ተመካክረው ነው እንዳይሉን።

ጥር 29፣ ማክሰኞ። ቢቸና

አቶ ቢያዝን ቤት። ሦስት ሽማግሌዎች፣ መ/ጌታ፣ ከሰፈሩም ሰው። መጀመሪያ እኔን ከአጥሩ ውጭ አስቀመጡኝ። መ/ጌታ እያነበቡ ታፈረ ፈታ። ከዚያ እሱ ወጣ፣ እኔ ገባሁ። እንደ ሌባ።

አንድ በአንድ ገጠመ። «ቻጋዮ» ላይ እኔ አነሰ አልኩ። ታፈረ ጠበበ ብሎ ኖሮ መ/ጌታ ጣታቸውን አነሡ። አቶ ቢያዝን፣ «የጠበበ ልብስ ያነሰ አይደለም እንዴ?» ብለው አሳለፉት።

«ኢቦ ባዶ ደዌዮ» ላይ ስንደርስ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ለብሼ ልየው ወይ ማለት ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ሳቁ። ለካ ታፈረ ከአፉ ሳይሆን የአቶ ቢያዝንን ካባ ከግድግዳው አውርዶ፣ ትከሻው ላይ ለክቶ፣ ልልበሰው ወይ ብሎ ነው የፈታላቸው። መ/ጌታ አልሳቁም። ደብተሩን አጥፈው እጄ ላይ አደረጉት።

«እንግዲያው ሰርጉ በቀኑ ይሁን» አሉ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም።

እሺ ብዬ ልወጣ ነበር። እግሬ እንቢ አለኝ። «ደጀ ሰላም ላይ የተናገሩትን ደጀ ሰላም ላይ ይመልሱልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተው አሉኝ። የአባትህ እኩያ ናቸው።

«ለአንድ ቃል ብለህ ልጄን ልትተዋት ነው?»

«እርስዎ ለአንድ ቃል ብለው ስሜን ገድለውታል።»

ወጣሁ። ታፈረ ቀስ ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ትናንት እሑድ ነበር። መ/ጌታ ወጡ፣ ሰውን ባረኩ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስለ እኔ ዝም።

ዛሬ እትዬ ውዴ መጡ። አሁን ገብተው ተቀመጡ። የሺ አባቷን እንዲህ አለቻቸው ብለው ነገሩኝ፦ «ስሙን ያጠፉት እርስዎ ነዎት፤ ስሙን ሳይመልሱ እኔን አይዳሩኝ። ጠላውም ከተጠነሰሰ ይደፋ።» ለአባቷ። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ። ካለችው በኋላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም አሉ።

ሐሩንም ላክልኝ ብላለች። ቀለሙ እንደለቀቀ ነው አልኩ። ታውቃለች አሉኝ። ላክሁት።

የካቲት 11፣ እሑድ

ተናገሩ። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ያነበብኩላችሁ ደብተር የልብስ ገበያ ቃል ነው፤ የማላውቀውን ተረጎምኩ፤ ልጁ ንጹሕ ነው፣ አሉ። ሰው ሁሉ ሰማ። አሳዘኑኝ። ማዘኔ ራሱ አናደደኝ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ያማተቡት ሴቶች መጥተው ሳሙኝ። ፈቀቅ ያለው ሰውዬ ሰርጉ ላይ እገኛለሁ አለኝ፤ የጠራው የለም። አንድም ሰው አጠፋሁ አላለኝም። አጥፍቻለሁ ያሉት መ/ጌታ ብቻ ናቸው።

የካቲት 13፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ወንበሩን መልሷል። መስኮቱ ይነፍስብኛል አለ። ወረቀት አወጣሁና ወደ ሞጣ ጽ/ቤት ልዛወር ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈረመ።

ሰርጉ እሑድ ይሆናል። መልሱ እንዳለቀ እንሄዳለን። ታፈረ ቤት ይፈልግልናል።

እትዬ ውዴን አስጠርቼ ለየሺ እንዲነግሩልኝ አደረግሁ። ወዲያው ተመልሰው መጡ። እሄዳለሁ ብላለች፤ ግን አኩርፎ ነው ወይ የሚሄደው ብላ ጠይቃለች አሉ። አላኮረፍኩም በሏት አልኩ። ከአጥሩ ሳይወጡ ግን ጠርቼ መለስኳቸው። አኩርፌያለሁ፤ እሷን ግን አይደለም፤ እንደሱ ብለው ይንገሯት።