አሥራ ሰባተኛው ምንባብ

ኅዳር 9

...ፈረንጁ ካርታውን ዘርግቶ ጥያቄውን ሳይጨርስ ሱቅ ውስጥ ገባሁ። ደባርቅ፣ አምና። የማልፈልገውን ሳሙና ገዝቼ፣ እስኪሄድ ድረስ መደርደሪያውን ሳይ ቆየሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው... ይህ ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ?

በእትዬ አረጋሽ ምክንያት። ትምህርት ቤታችንን የምታጸዳው ናት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ክፍሌ ገባች።

«መምህር፣ እንግሊዝኛ አስተምረኝ። እስከ የካቲት።»

ሳቅሁ መሰለኝ። እሷ አልሳቀችም። አብሮ አደጓ እናናዬ ቤተ እስራኤል ነበረች፤ በ83 ከወገኖቿ ጋር እስራኤል ሄደች፣ እዚያው ሞተች። አሁን ልጇ ሺርሊ የእናቷን ቀዬ ለማየት ወደዚህ ወደ ዳባት ልትመጣ ነው። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ አማርኛው አልቀራትም። እንግሊዝኛ ግን ትችላለች አሉ።

«የምነግራት አለኝ።»

«ምን?»

«መጀመሪያ አፌን ፍታልኝ።»

ኅዳር 14

ከመጽሐፉ የመጀመሪያውን ምንባብ ሰጠኋት። ሰውዬው ጠዋት ይነሣል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ ቁርሱን ይበላል፣ አውቶቡስ ይጠብቃል። ተረጎምኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ከብቱን ማን አወጣለት?»

«ከብት የለውም።»

«ቁርሱንስ ማን ሠራለት?»

አላውቅም አልኩ። በእርግጥ ማን ሠራለት? ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ ጠይቄው አላውቅም።

«የእኔን ቀን ጻፍልኝ» አለች።

ኅዳር 20

የራሷ ምንባብ፣ አንደኛ። ዛሬ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ሞተሩ ተበላሸ። እህሌን ይዤ ተመለስኩ። በቃ።

እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ጻፍኩላት። ፊደል የለየችው አባቷ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ዳዊት ሲያስተምሩ ከበር ውጭ ሆና እየሰማች ነው። እንግሊዝኛውንም እንደ ዳዊቱ ያዘችው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ በግዕዝ ንባብ። ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ እያዜመች። መጨረሻ በቁም ንባብ፣ እንደ ውኃ።

ሥልጠና ላይ የነገሩን ሌላ ነው። ትርጉም ይቅደም ነው የሚሉት። ይህንኑ ነገርኳት።

«ትርጓሜው ይደርሳል፣ መምህር። ምን ያስቸኩለዋል?»

ታኅሣሥ 3

ኮሪደሩን እየጠረገች ወፍጮውን ታዜማለች። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በመስኮት ተንጠልጥለው ይስቃሉ። የሒሳቡ ያርጋል ክፍሌ ድረስ መጣ።

«የእንግሊዝኛ ቅኔ ቤት ከፈተ አሉህ። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳ ልግዛልህ?»

ፊቴ ጋለ። በሩን ገርበብ አደረግኩት። ዜማው ግን አልቆመም። እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ። አንድ ቃል አልዘለለችም። እኔ ብሆን... ከመሐል ነበር የማቆመው። ሱቅም ባገኝ እገባ ነበር።

ታኅሣሥ 18

ዘጠኝ ምንባብ በቃሏ ይዛለች። እኔ በቃሌ የያዝኩት አንድም የለም።

ጥር 6

የመምህራን ማረፊያ በር ማጠፊያው ወልቆ አላስገባ አለን። ሁላችንም ውጭ ቆመናል፣ ብርዱ ይጋረፋል። እትዬ አረጋሽ በሩን አየች፣ እኔን አየች። «ዘ ዶር ኢዝ ብሮክን።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አልሰጣትም። «ተበላሸ»ን ከወፍጮው ፈትታ በሩ ላይ ገጠመችው። ያርጋል እንኳ ዞሮ አያት። ብርዱን ረሳሁት። ትርጓሜው ደረሰ ማለት ነው? መቼ? የትኛው ቀን ላይ? ሳላየው...

ጥር 16

ዛሬ መጥረጊያ አልያዘችም። ተቀመጠች።

«አሥራ ሰባተኛውን ጻፍ።»

እሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ልጄ ብርሃኔ ታመመ። ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰዎች፣ እናናዬ ቡዳ ናት፣ የበላችው እሷ ናት አሉ። እናናዬ ልትሰናበተኝ መጣች። በሩን ዘጋሁባት። ስሜን ጠራች። ሦስት ጊዜ። አልከፈትኩም። በማግስቱ ሄደች። የልጁ በሽታ ኩፍኝ ነበር።

ብዕሬ ቆመ። ወፍጮ ቤቱ፣ ወረፋው፣ ዝናቡ፣ አሥራ ስድስቱ ሁሉ... ወደዚህ መምጫ ነበሩ?

«ቡዳ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። የሚሆን ቃል አጣሁ።

«እሰይ። ሳታውቀው ትቅር። ሰዎች ክፉ ነገር አሉ በልልኝ።»

ጻፍኩ። ከሥሩ ከራሴ ጨመርኩ፦ እኔም ፈራሁ። ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። ሳነብላት ቃሉን ለየችው።

«ፈራሁ አይባልም። አመንኩ ነው። አመንኩ በል።»

ሰረዝኩት። «አመንኩ» ብዬ ጻፍኩ።

«ከፈለግሽ እኔ ልንገርልሽ» አልኩ፣ «ቀስ አድርጌ...»

«በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ እንዴ?»

ጥር 28

ብርሃኔ ዛሬ ባለ ሚኒባስ ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ይመላለሳል። ልጅቷን የሚያመጣት እሱ ነው። ያውቃል? ነግሬዋለሁ አለች። ምን አለ? ሲሰማ ቆይቶ መኪናውን ሊያጥብ ወጣ አለች።

«አንተም ና፣ መምህር። ቃል ቢጠፋብኝ ታቀብለኛለህ።»

እሺ አልኩ። ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ሰላምታ አጠናሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

የካቲት 8

አሥራ ሰባተኛውን ባዶ ክፍል ውስጥ በቃሏ ወጣችው። በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ። «አመንኩ» ላይ ስትደርስ ሦስቱንም ጊዜ ቆመች። ጠፍቷት አይደለም። አላቀበልኩም።

የካቲት 9

እሑድ። ሺርሊ ቀጭን ናት፣ ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላለች። ብርሃኔ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የገዛላትን ቅቅል ድንች አልጨረሰችውም። ከሚኒባሱ ወርዳ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። መንገዱ እንዴት ነበር አልኳት። አቧራ ነው አለች፣ ሳቀች። ይኸው ነው? ይህን ያህል ዓመት ስሸሸው የኖርኩት?

እትዬ አረጋሽ ከቤት ወጣች። የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። አላቀፈቻትም። እጇን አጣምራ ቆመች፣ መሪጌታ ፊት እንደሚቆም ተማሪ።

«ማይ ኔም ኢዝ አረጋሽ። ዩር ማዘር ዋዝ ማይ ፍሬንድ።»

በቁም ንባብ። እንደ ውኃ። ልጅቷ ሳቋን ተወች። ድንቹን ለብርሃኔ ሰጠችው። እናቴን እስከ መቼ ነው የምታውቂያት ብላ ጠየቀች፣ ቀስ ብላ። ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። እትዬ አረጋሽ ቀድማኝ መለሰች።

«አንቲል ዘ ዶር።»

እስከ በሩ። ይህንንም ማንም አልሰጣትም።

እጇን ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻት። ተከተልኩ። ደፉ ላይ ዞር አለች።

«አንተ እዚህ ሁን፣ መምህር። ብርሃኔ፣ በርጩማ አምጣለት።»

ልጅቷን አስቀደመች። ከኋላዋ ገባች። በሩ ተዘጋ።