ዋስ የሆንኩለት ትምህርት

ሰቆጣ፣ እሑድ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለአምሳለ ቅጣው፣

እንደምን ሰንብተሻል እቴ? እኛ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷ ተሽሏት ዛሬ ቅዳሴ በእግሯ ሄዳ መጣች። አባታችን ዘንድሮ ጤፉ አምሯል እያሉ ጎረቤቱን ያሰለቻሉ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ምስራቅ ናት፤ ፈቃዷ አልቆ ነገ በወልድያ መኪና ትነሳለች፣ ሐሙስ ሪያድ ትገባለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማዳምሽ ውሉን ታድሺ እንደሆነ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ንገሪኝ ብላሻለች። አንቺ ደግሞ «ውሉን ትቼ ልምጣና አንተ ፕሮግራም መጻፍ የተማርክበት የኮዲንግ ቡትካምፕ ልግባ ወይ? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አሥር ቀን ሙሉ መልስ ያጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ሥራ የለኝም፣ አምሳለ። ከቤት ሆኜ ለአዲስ አበባ ድርጅት ፕሮግራም እጽፋለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። አንድም ቀን ተቀጥሬ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት አንቺ የላክሽልኝን ላፕቶፕ አንግቼ የምወጣው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ የፓስፖርት ቅጽ በኢንተርኔት እሞላለሁ። ቅጹን የሚያስሞሉኝ ከአበርገሌና ከጋዝጊብላ የሚመጡ ሴት ልጆች ናቸው፤ አንቺ ወደሄድሽበት ነው የሚሄዱት። ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው ቀና ብለው አያዩኝም። እንጀራዬ ይኸው ነው።

ነገሩ የተበላሸው ትምህርቱን ጨርሼ የተመለስኩ ዕለት ነው። አባታችን በግ አርደው፣ የንስሐ አባታችንን ጠርተው፣ ሰፈሩን ሰብስበው ጠበቁኝ። ምርቃቱ ሳያልቅ «ሥራውስ ተገኘ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አፌ ቀደመኝና «አዎ» አልኩ። ነገ አስተካክላለሁ፣ ነገ አስተካክላለሁ ስል ዓመት ሞላኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ጨለመብኝ።

ትምህርቱ ማጭበርበር ነው እንዳትዪ ደግሞ። አስተማሪዎቹ ደህና ሰዎች ነበሩ፤ በአምስት ወር ድረ ገጽ መሥራት አስተምረውኛል። ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቀጣሪው ሁሉ «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» ይላል። ከእኛ ክፍል ሥራ የያዙት አራት ናቸው፤ አራቱም ድሮውኑ የኮምፒውተር ዲግሪ ያላቸው ነበሩ። እኔ አንዴ ለፈተና ደርሼ ነበር። በኢንተርኔት ሲፈትኑኝ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ሌላ ሰው ወስደዋል። «የተመረቁትን ጠይቄ አረጋግጣለሁ» ብለሻል። ማንን ትጠይቂያለሽ? ትምህርት ቤቱ ተቀጠሩ ብሎ ከሚቆጥራቸው አንዱ እኔ ነኝ። ቅጹን በገዛ እጄ ሞልቼ ነው የላክሁላቸው፤ አፍሬ። ሌሎቹም እንደኔ ያፈሩ ይሆናሉ፣ ምን አውቃለሁ።

የባሰው ዛሬ መጣ። ከቅዳሴ መልስ አጎታችን አያ ገበያው ሁለት ሽማግሌ ይዘው ከቤታችን ገቡ። ልጃቸውን ምንይሉን እዚያው ቡትካምፕ ሊልኩት ነው። ማክሰኞ ገበያ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠው፣ የቀረውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አጣምረው በመቀናጆ ሊያርሱ ቆርጠዋል። የቀረበላቸውን ጠላ እንኳ ሳይቀምሱ፣

«ደጅይጥኑ፣ እኔ ኮምፒውተር የሚሉትን አላውቅም፤ የማውቀው አንተን ነው። ትምህርቱ እንጀራ ይሆነዋል ብለህ ዋስ ትሆነኛለህ?» አሉኝ።

«አያ፣ እሱ እንግዲህ እንደ ልጁ ጥረት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ጥረቱን ለእኔ ተወው። አንተ ሆኖልሃል ወይስ አልሆነልህም?»

አባታችን ከጎኔ ሆነው ፈገግ ብለዋል። እናታችን ከጓዳ ብቅ ብላ ታያለች። «ሆኖልኛል፤ ዋስ ነኝ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ። ዋስ ሆኖ የዋሸ ሰው በእኛ አገር ለቅሶ ቤት እንኳ ቦታ እንደማይለቀቅለት ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ለቡትካምፑ ብለሽ ውልሽን አትተዪ። ናፍቀሽኛል፤ ደክሞሽ ከሆነ፣ እናታችንን ማየት ከፈለግሽ፣ ነገውኑ ነይ፤ ማንም ምን አመጣሽ አይልሽም። በእኔ ሥራ ተማምነሽ ግን አትምጪ። አንቺ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነሽ፤ መማሩ ካማረሽ በዕረፍት ቀንሽ በስልክሽ በነፃ የሚገኘውን ሞክሪው። ካልሰለቸሽ ያኔ እንመክርበታለን።

እኔ ነገ ምስራቅን ሸኝቼ ጋዝጊብላ አያ ገበያው ቤት እሄዳለሁ። በሬው ሳይሸጥ ዋስነቴን አወርዳለሁ፤ ስመለስ ለአባታችንም እነግራቸዋለሁ። ብያለሁ እንጂ ራሴን አላምነውም። እዚያ ሽማግሌ ፊት ስቆም የሚሆነውን አይቻለሁ። ላንቺ አስቀድሜ የጻፍኩትም እውነቱ አንድ ሰው እጅ እንዲገባ ነው።

አደራሽን፦ በሚመጣው እሑድ እደውልልሻለሁ። ድምፄ ሞቅ ብሎ «ሥራ ደህና ነው፣ ነይና ተማሪ» ካልኩሽ፣ አባታችን አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ በሬውም ተሽጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ እኔን አትስሚኝ፤ ወረቀቱን እመኚ።

መድኃኔዓለም በሰው ደጅ አያስመርርሽ፤ ያሰብሽውን ሳይሆን የሚበጅሽን ይስጥሽ።

ወንድምሽ
ደጅይጥኑ ቅጣው